ለቁርባን የሚያዘጋጅ የምሽት ኮርስ በደሴ፦ ባልና ሚስት ገብተን ያየነው

ከሰኞ ገበያ በእግር በሚደረስ አንድ ደብር ሰንበት ትምህርት ቤቱ ለአዋቂዎች የሚሰጠው የንስሐና የቅዱስ ቁርባን ዝግጅት ኮርስ አለ። በሳምንት ሁለት ምሽት፣ ሰው ከሥራ ከወጣ በኋላ፣ በግቢው አዳራሽ ውስጥ ይሰጣል። ትምህርቱ በነጻ ነው፤ የሚከፈለው ለሚባዛው ወረቀት ብቻ ነው። እኔና ባለቤቴ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተከታትለነዋል። ገበያ ላይ የሚያውቁኝ ሰዎች «እንዴት ነው? ይጠቅማል?» እያሉ ስለሚጠይቁኝ በዝርዝር ልጽፈው ወሰንኩ። የደብሩን ስም አልጠራም። የማመሰግነው ቢበዛም ቅር ያለኝም ነገር አለ፤ ቤተ ክርስቲያንን በስም ጠርቶ አደባባይ ማውጣት ደግሞ አልወድም።

ኮርሱ ለማን እንደሚሆን እንድታውቁ ማን እንደሆንን ልንገራችሁ። እኔ እህል ነጋዴ ነኝ፤ ጤፍ፣ ስንዴና ማሽላ ከገጠር ተቀብዬ እሸጣለሁ። ባለቤቴ የተሳቢ ሾፌር ነው፤ ከኮምቦልቻ በባቲና በሚሌ አድርጎ ጅቡቲ ይመላለሳል። የተጋባነው በሰማንያ ውል ነው እንጂ በቁርባን አይደለም። ልጆቻችን ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀኗ ተጠምቀው ቆርበዋል። እኛ እናትና አባት ግን ልጆቹን አቅፈን እያስቆረብን፣ ራሳችን ሳንቀበል ኖረናል። ይህ የእኛ ቤት ነገር ብቻ አይደለም። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ላይ ቆማችሁ ተመልከቱ፤ ለመቁረብ የሚሰለፈው በብዛት ሕፃንና አዛውንት ነው። በመካከል ያለው፣ ትዳር የያዘው፣ የሚሠራው፣ የሚነግደው ሰው ነጠላውን አጣፍቶ ከኪዳን ጀምሮ ይቆማል፤ ሥጋ ወደሙ ሲወጣ ግን ፈቀቅ ብሎ ለልጆቹና ለአሮጊቶቹ መንገድ ይለቃል። ዲያቆኑ «እትዉ በሰላም» ሲል ወደ ቤቱ ይሄዳል። ለምን እንደማይቆርብ ብትጠይቁት «እኔ መቼ በቃሁና!» ይላችኋል።

ይህ ኮርስ ከሌሎች ከሰማኋቸው ትምህርቶች የሚለየው እዚህ ላይ ነው። አብዛኛው ስብከት ሰው ሳይገባው እንዳይቀበል ያስፈራራል፤ ማስፈራራቱም ትክክል ነው፤ ግን እዚያው ላይ ያቆማል። የኮርሱ ዋና መምህር፣ በዕድሜ የገፉ መሪጌታ፣ በመጀመሪያው ምሽት ከመጀመሪያው የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 11ን አስነብበው «ሐዋርያው ሰው ግን ራሱን ይፈትን አለ። ከዚያስ? ፈትኖ ይቅር አለ? ይመለስ አለ?» ብለው ጠየቁን። ከፊት የተቀመጠች ልጅ ቀጥላ አነበበች፤ ይብላ፣ ይጠጣ ነው የሚለው። መሪጌታም «እንግዲህ ራስን መመርመር ወደ ማዕዱ የሚያደርስ መንገድ ነው፤ ከማዕዱ የሚያስቀር አጥር አይደለም» አሉ። ለእኔ ለእህል ነጋዴዋ ነገሩ ወዲያው ገባኝ። እህል የሚበጠረው ሊፈጭ ነው፤ ሲበጠር ሊኖር አይደለም።

ከዚያ ወደ ኋላ መልሰው ያንኑ ምዕራፍ ከፍ ብሎ አስነበቡን። በቆሮንቶስ የነበሩት ምእመናን ሲሰበሰቡ አንዱ ይራባል፣ ሌላው ይሰክራል፤ ያለው የራሱን ራት ቀድሞ እየበላ የሌለውን ያሳፍራል። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ የተቆጣው በዚህ ነው። ሳይገባ ስለመቀበል የተናገረው ያ ኃይለኛ ቃል የመጣው ድሀ በተናቀበት ማዕድ ላይ ነው። ይህን ክፍል ስንት ጊዜ ሲነበብ ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ከላይ ከታች ተያይዞ ሲተረጎም ግን አልሰማሁም ነበር። ደሴ ለትርጓሜ ትምህርት እንግዳ አይደለችም፤ በ1870 ዓ.ም. የሃይማኖት ክርክር ጉባኤው የተደረገባት ቦሩ ሜዳ እዚሁ አጠገባችን ናት፣ መምህር አካለ ወልድም ወንበር ዘርግተው ያስተማሩት እዚያው ነው። ያ ሁሉ ለዛ በየደብሩ ቢወርድ ምን ነበረበት እያልኩ ነበር ወደ ቤት የምመለሰው።

አሁን ስለ ወረቀቱ ላውራ፤ የኮርሱ ልብ እሱ ነውና። በሁለተኛው ሳምንት ለእያንዳንዱ ተማሪ ግራና ቀኙ የተጻፈበት ወረቀት ይታደላል። ራስን መመርመሪያ ጥያቄዎች ናቸው። ስም አይጻፍበትም፣ አይሰበሰብም፣ ለማንም አይነበብም፤ እቤት ወስደህ ከራስህ ጋር ትቀመጥበታለህ፣ ከዚያ ለንስሐ አባትህ የምትነግረውን ትለያለህ። ሲጀምር ሁላችንም የምናውቃቸው ናቸው፤ ጸሎት፣ ጾም፣ ሐሜት፣ መሐላ። ወረድ ሲል ግን የእኛን ገበያ የሚያውቅ ሰው እንደጻፈው ያስታውቃል። እንዲህ የሚሉ ነበሩበት፦ ከገበሬ ስትገዛበት የነበረው ሚዛንና ለከተሜ የምትሸጥበት ሚዛን አንድ ነው ወይ? ለጆንያው ብለህ የምትቀንሰው ኪሎ ከጆንያው ክብደት ይበልጣል ወይ? የከረመ እህል ከአዲሱ ደባልቀህ አዲስ ነው ብለሃል ወይ? የተሸካሚውን ዋጋ ዕቃው ከወረደ በኋላ ተከራክረህ ታሳንሳለህ ወይ? በውርስ ምክንያት የማታናግራት እህት አለችህ ወይ?

የጆንያው ጥያቄ ሲነበብ አዳራሹ እንዴት ጸጥ እንዳለ ባያችሁ። በእህል ተራ የሚሠራ ሰው ሁሉ ያውቃታል። ገበሬው አህያውን ጭኖ ከሩቅ መጥቶ ሚዛን ላይ ሲያወጣ ገዢው ለጆንያ ብሎ ይቀንሳል፤ ጥቂት ትመስላለች፣ በዓመት ስትደመር ግን የሰው ላብ ናት። አንድ በዕድሜ የሚበልጠኝ ነጋዴ እጁን አውጥቶ «መሪጌታ፣ ከዛሬ ጀምሮ አስተካክላለሁ። ያለፈውን ግን ለማን ልመልስ? ገበሬውን አላውቀው፣ እሱም አያውቀኝ» አለ። መሪጌታ የቀራጩን የዘኬዎስን ታሪክ ከሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 19 አነሡለት፤ ካለው እኩሌታውን ለድሆች፣ በግፍ ለወሰደበት ደግሞ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለውን። «የምታውቀውን ፈልገህ ለራሱ መልስ። የማታውቀውን ከንስሐ አባትህ ጋር ተማክረህ ለድሀ ስጥ። ሚዛኑን ግን ነገ ጠዋት አስተካክል፤ እሱ ቀጠሮ አያሻውም» አሉት። በማግስቱ ገበያ ውስጥ ባዶ ጆንያ ሚዛን ላይ እያወጡ ለገበሬው የሚያሳዩ ነጋዴዎች አይቻለሁ። እኔም እንደዚያ ነው የማደርገው። ከኮርሱ ሁሉ አንድ ፍሬ ቆጥረሽ አምጪ ብባል ይህን ነው የማመጣው።

ባለቤቴ ወረቀቱን ሲያነብ «ለሾፌር የሚሆን የለበትም» ብሎ ነበር፤ እውነቱን ነው። እሱና ሌሎች ሁለት ሾፌሮች ተቀምጠው ጥያቄዎቹን ራሳቸው ጨመሩ፦ የባለንብረቱን ናፍታ፣ በመንገድ የሚጫነውን ሰውና የሚቀበሉትን ብር፣ በየማደሪያው ከተማ ያለውን ነገር፣ እንቅልፍን በጫት እያባረሩ የሰው ነፍስ ይዞ መንዳትን። አስተባባሪው ሲያሳዩት ተቀብሎ በቀጣዩ ወረቀት ላይ እናካትተዋለን አለ። አገልጋይ እንዲህ ሲሰማ ደስ ይላል። ባለቤቴ በራሱ ወረቀት ጀርባ የጻፈውን አላየሁም፣ እንዲያሳየኝም አልጠየቅሁትም። እሱም የእኔን አልጠየቀኝም። ይህንንም ያስተማሩን እዚያው ነው፤ ባልና ሚስት አንዱ የሌላውን ኃጢአት ሊመረምር አይቀመጥም።

ስለ ዕርቅ የተማርነው ምሽት ሊያልቅ አልቻለም፤ መብራት ጠፍቶ እንኳ በሻማ ቀጠልን። ማቴዎስ ምዕራፍ 5 ላይ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ ሂድ፣ አስቀድመህ ከወንድምህ ታረቅ የሚለው ነው መነሻው። ሁሉም የየራሱን አነሣ። አንድ አባት «ያስቀየምኩት ሰው ሞቷል፤ ከማን ጋር ልታረቅ?» አሉ። ልጆቹ ዘንድ ሄደው ይቅርታ እንዲጠይቁ፣ የሚከፈል ነገር ካለ ለልጆቹ እንዲከፍሉ ተነገራቸው። አንዲት ሴት ደግሞ «እኔ ለምኜዋለሁ፤ እምቢ ያለው እሱ ነው» አለች። ሽማግሌ እንድትልክ፣ ደጋግማ እንድትልክ፣ ከዚያ በኋላ በእሷ በኩል በሩን ክፍት አድርጋ ንስሐ አባቷን እንድትጠይቅ መከሯት። መሪጌታ የአበጋሮችን ነገር ያነሡት እዚህ ላይ ነው። በወሎ ደም የተቃባ ሰው እንኳ በአበጋር ፊት ቀርቦ ይታረቃል፤ አስታራቂዎቹም ታራቂዎቹም እስላምም ክርስቲያንም ናቸው። «አገራችሁ መታረቅን ታውቃለች። ለከብትና ለመሬት የምትታረቁትን ያህል ለሥጋ ወደሙ ታረቁ» ነበር ያሉን።

አንድ ወጣት ወንድሜ የሚባለው ሃይማኖቱ ያልሆነውንም ይጨምራል ወይ ብሎ ጠየቀ። በወሎ ይህ የመጽሐፍ ጥያቄ አይደለም፤ በአንድ ቤት ውስጥ እንኳ አንዱ መስጊድ ሌላው ቤተ ክርስቲያን የሚሄድበት አገር ነው። መሪጌታ ለአፍታም አላመነቱም፤ «ያስቀየምከው ሁሉ» አሉ። እኔና ሙስሊም ጎረቤቴ በክረምት ጎርፍ መውረጃ ቦይ የተነሣ ብዙ ጊዜ በሰላምታ ብቻ ነበር የምንተላለፈው። በዚያው ሳምንት ሄጄ ቡና አፍልታ ተቀበለችኝ። ማን ነው ጥፋተኛ ወደሚለው አልገባንም። «ለመቁረብ እየተዘጋጀሁ ነውና አፉ በይኝ» አልኳት። «አፉ ብያለሁ፣ አንቺም አፉ በይኝ። አብሽሪ፣ አላህ ይቀበልሽ» አለችኝ። በቁርባኑ ዋዜማ ልጆቼ ከእሷ ቤት ነው ያደሩት።

ንስሐውን በተመለከተ ኮርሱ ድንበሩን ያውቃል። ትምህርቱን ጨርሰሃልና ቁረብ የሚል ወረቀት አይሰጥም፤ የሚፈቅደው ንስሐ አባት ነው። ንስሐ አባት ያለው ወደ ራሱ ይሄዳል፤ የሌለው ከደብሩ ካህናት ይመደብለታል። ቀኖናውም ስግደት ይሁን ጾም፣ ጸሎት ይሁን ምጽዋት፣ እንደየሰው አቅም በንስሐ አባቱ ይሰጠዋል። ለባለቤቴ አባታችን የሰጡት ቀኖና መንገድ ላይ ሊፈጽመው የሚችለውን ነው፤ የሾፌርን ኑሮ ጠይቀው ተረድተው ነበር። ሰው ቀኖናውን ጨርሶ «ይፍቱኝ አባ» ብሎ ሲንበረከክ፣ «እግዚአብሔር ይፍታ» የሚለውን ሲሰማ የሚሰማውን እፎይታ እዚህ ልገልጸው አልሞክርም።

ቅር ወዳለኝ ልምጣ። ስለ ሥጋ ንጽሕና የሚሰጠው ክፍል በጣም ረዝሟል፤ የሚያስተምረውም መሪጌታ ሳይሆኑ ሌላ ወጣት መምህር ነው። ሥርዓቱን አልነቅፍም፤ እጠብቀዋለሁም። ባልና ሚስት ከመቁረባቸው በፊት ሦስት ቀን፣ ከቆረቡ በኋላ ሁለት ቀን ከሩካቤ ይታቀባሉ። ሴት በወር አበባዋ ጊዜ ወደ ቤተ መቅደስ አትገባም። ይህን ሁላችንም ይዘነው ያደግን ነው፤ በአንድ ምሽት ያልቅ ነበር። እሱ ግን ደጋግሞ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ዓይኑን ሴቶቹ ላይ ተክሎ ነው ያስተማረው። አንዲት ልጅ የደም መፍሰስ ሕመም እንዳለባት ጠቅሳ ስትጠይቅ በሰው ፊት የሰጣት መልስ ልብ የሚሰብር ነበር፤ ከዚያ ምሽት በኋላ አልተመለሰችም። መሪጌታ ሰምተው በጣም አዘኑ፤ ለሁላችንም በወንጌል ደም ሲፈስሳት 12 ዓመት የኖረችውን፣ ልብሱን የዳሰሰችውን፣ ጌታም «ልጄ ሆይ» ብሎ የጠራትን ሴት አስታወሱን። እንዲህ ያለ ጥያቄ በአዳራሽ መነሣት የለበትም። ሴቶች ለብቻቸው የሚጠይቁበት፣ በዕድሜ የበሰሉ እናት ወይም ካህን የሚመልሱበት ሰዓት ይመደብ። ይህን ለአስተባባሪዎቹ በአካል ነግሬያለሁ።

ስለ ጾሙ የሰጡት ማብራሪያ ግን በጣም ግልጽ ነው። ከመቁረብ በፊት 18 ሰዓት ምግብም ውኃም አይቀመስም። እሑድ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የሚቀበል ሰው ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ አፉን ይዘጋል ማለት ነው። ቅዳሜ ሱቅ ለሚውል ሰው ምሳውን ገፋ አድርጎ መብላት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ስኳር ሕመም ያለባቸውና መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ሲጠይቁ በደፈናው አልመለሱላቸውም፤ ሐኪማችሁን ጠይቁ፣ ያላችሁን ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ፣ እንደየሁኔታችሁ ይወሰናል ተባሉ። ከቆረቡ በኋላም ዕለቱን መትፋት፣ ገላ መታጠብ፣ ሩቅ መንገድ መሄድ እንደማይገባ ቀድመው ስለነገሩን ባለቤቴ የዚያን እሑድና ሰኞ ጭነት አልያዘም።

በሰማንያ ኖረው አሁን በቁርባን ለሚጸኑ ባልና ሚስቶች የተመደበው አንድ ምሽት ብቻ ነው። ይህ ትልቅ ጉድለት ይመስለኛል። በቁርባን የጸና ጋብቻ መፋታት የለበትም። ባልና ሚስት አብረው ሲቆርቡ እስከ ሞት ነው የሚወስኑት። ስለዚህ ከዚያ በፊት የሚነሣው ብዙ ነው፤ በየቤቱ የተደበቀ ዕዳ፣ ከትዳር ውጭ የተወለደ ልጅ፣ ድብደባ፣ አንዱ ፈልጎ ሌላው ለይሉኝታ ሲል መከተሉ። ካህኑ ባልንና ሚስትን ለየብቻ አስቀርበው መጠየቃቸውን ወድጄዋለሁ፤ «ማንም አስገድዶሽ ነው ወይ?» ያሉኝ በእውነት መልስ ሊሰሙ ፈልገው ነው። አብረውን ከተማሩት አንድ ባልና ሚስት ከዚህ ጥያቄ በኋላ ለጊዜው እንቆይ አሉ። ማንም አላሳፈራቸውም፣ ትምህርታቸውንም አላቋረጡም። መቆየታቸውም ከመመርመሩ የመጣ ነውና አከብራቸዋለሁ። ግን ይህ ሁሉ በአንድ ምሽት መታጨቅ አልነበረበትም።

የቁርባኑ ዕለት ኮርሱ ያዘጋጀን እንዴት እንደሆነ የታየበት ነው። ለመቀበል ያሰበ ሰው ከቅዳሴው መጀመሪያ ጀምሮ መገኘት አለበትና አስተባባሪዎቹ ገና ጨለማ ሳለ በር ላይ ቆመው ይቀበሉን ነበር። ቀዳሾቹ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት፣ አምስቱ ልዑካን ናቸው። በቅዳሴው መካከል ካህኑ እጃቸውን ታጥበው ወደ ሕዝቡ ዞሩ። ንጹሕ የሆነ ከቁርባኑ ይቀበል፣ ቂም የያዘ ዝሙትም ያለበት አይቅረብ፣ እጄን ከውጭው እድፍ እንዳነጻሁ ከደማችሁ ንጹሕ ነኝ የሚለውን ቃል ተናግረው ውኃውን ከእጃቸው አራገፉት። ይህ ቃል በየቅዳሴው ይባላል። ከዚያ በፊት ስሰማው ለሌላ ሰው የተነገረ ይመስለኝ ነበር፤ የዚያን ዕለት ግን ወረቀቱ ላይ ያሉትን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ሳስባቸው ሚዛኑም፣ ጎረቤቴም፣ ንስሐውም በየቦታቸው ነበሩ። ብቁ ነኝ አላልኩም። ልመልሰው የሚገባኝን መልሻለሁ፣ የቀረውን እሱ ይሙላው አልኩ።

ጫማችንን አውልቀን፣ ነጠላችንን በሥርዓቱ ለብሰን ተጠጋን። ካህኑ ሥጋውን ሰጡን፣ ዲያቆኑ ደሙን በዕርፈ መስቀል፣ በማንኪያው፣ አቀበለን። አፋችንን በነጠላ ሸፍነን ዞር ስንል ማየ መቁረር፣ ከቁርባን በኋላ የሚጠጣውን ጸበል፣ ይዛ የምትጠብቅ እናት ነበረች፤ አንዲት ጠብታ ወደ መሬት እንዳትወድቅ እጇን ከእጃችን በታች ይዛ ነበር ያጠጣችን። ባለቤቴ ያን ሁሉ የበረሃ መንገድ የሚነዳ ሰው፣ እጁ ሲንቀጠቀጥ ያየሁት የዚያን ጠዋት ነው።

ጥቃቅን ነገሮችን ልጨምር፤ ለሚመዘገብ ሰው ይጠቅማሉና። አዳራሹ ቆርቆሮ ነው፣ የደሴ ብርድ ደግሞ አይጣል ነው፤ ጋቢ ያዙ። ድምፅ ማጉያው ከኋላ አይሰማም፤ አዛውንት ይዛችሁ ከሆነ ቀደም ብላችሁ ከፊት ተቀመጡ። ኮፒው ደብዝዞ አንዳንዱ መስመር አይነበብም፤ የተሻለ ማተሚያ ቤት ቢሄዱ ጥቂት ብር ብንጨምር ማንም አይከፋም። ሲያልቅ ይመሻል፣ ባጃጅ ይጠፋል፤ ሴቶች በየሰፈራችን ተሰባስበን ነበር የምንሄደው። ሕፃን የያዘች እናት የምታስቀምጥበት ቦታ የለም። ባለቤቴ መንገድ ላይ ሆኖ ያመለጡትን ትምህርቶች የሰማው በቴሌግራም በሚለቀቀው ቅጂ ነው፤ ይህን ያደረጉት ልጆች እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ በእነሱ ምክንያት ነው ሾፌርና ወታደር የሆነ ሰው ሁሉ ሊማር የቻለው።

ለማን ይሆናል? ልጁን ለሚያስቆርብና ራሱ ለሚቀር ወላጅ ይሆናል። በሰማንያ ለሚኖሩ ባልና ሚስት፣ ትምህርቱ ቢያጥርም፣ ይሆናል። ለነጋዴማ የግድ ነው እላለሁ። ቀድሞ ለሚቆርብ ሰውም ቢሆን ወረቀቱ ብቻውን ይጠቅመዋል። ንስሐ መግባት ሳይፈልግ ለሰርግ ወይም ለቤተሰብ ግፊት ብሎ ለመቁረብ ለሚጣደፍ ሰው ግን አይሆንም፤ እዚያ አያጣድፉም።

ምዝገባው ብዙ ሰው የሚቆርብበት የፍልሰታ ጾም ከመግባቱ በፊት ይከፈታል፤ ጾሙ ነሐሴ 1 ስለሚጀምር በሐምሌ ወር ሰንበት ትምህርት ቤቱን ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ቦታ ቶሎ ይሞላል። ለአስተባባሪዎቹ ደግሞ አንድ የምጠይቀው አለኝ፦ በሚቀጥለው ወረቀት ላይ ስለ ቤት ሠራተኞች ጥያቄ ጨምሩ። ከገጠር መጥታ በቤታችን የምታድር ልጅ ደመወዟ በወቅቱ ይደርሳታል ወይ? እኛ ስናስቀድስ እሷ ቅዳሴ የምትሄድበት እሑድ አላት ወይ?